ርካሽ የተባለው ዕቃ ስንት ጊዜ ያስከፍለናል?



 ይህ ጽሑፍ የራሴ አስተያየት እንጂ የዕድራችን ኮሚቴ ውሳኔ አይደለም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወርኀዊ ስብሰባ ላይ የተነሣው ክርክር ነው። በመጋዘናችን ያለው የመብራት ገመድ፣ ወንበርና ብረት ድስት አርጅቷልና ይለወጥ ተባለ። ታዲያ ገሚሱ «ከገበያ ዝቅተኛውን ዋጋ ፈልጉ፤ የድኻ ገንዘብ ነው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «በየዓመቱ ከምንገዛ አንዴ ደኅና ዕቃ እንግዛ» አለ። ሰዓቱም ስለ መሸ ነገሩ ለጠቅላላ ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያው ድረስ ሁላችንም እንድናስብበት ብዬ የሚመስለኝን በዚህ ሰሌዳ ላይ አቅርቤአለሁ።

«የድኻ ገንዘብ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው። ነገር ግን የድኻ ገንዘብ ስለ ሆነ ነው እኮ ሁለት ጊዜ መውጣት የሌለበት! ሀብታም ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ቢሰበርበት ሌላ ይገዛል። የኛ ሰው ግን ለሁለተኛው የሚሆን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከልጁ ደብተር ወይም ከአስቤዛው ቀንሶ ነው።

ዋጋ ማለት ባለ ሱቁ የሚነግረን ቁጥር ብቻ አይደለም። ዕቃው ስንት ቀን አገለገለን? እያገለገለስ ምን ያህል ሌላ ወጪ አስወጣን? በተበላሸ ጊዜስ ምን ይዞብን ሄደ? ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው እውነተኛው ዋጋ።

ለምሳሌ የተማሪ ጫማ እንውሰድ። ቁጥሩን የማነሣው ለስሌት ያህል ነው። አንዱ ጫማ 600 ብር ነው እንበል። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ስለ ሆነ ሦስት ወር ሄዶ አፉን ይከፍታል። ሌላው ጫማ 1,500 ብር ነው። ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ነው፤ ቢላላም ጫማ ሰፊ ይመልሰዋል። የትምህርት ጊዜው አሥር ወር ቢሆን፣ ርካሹን የመረጠ ወላጅ አራት ጊዜ ይገዛል፤ 2,400 ብር ያወጣል። ውዱን የገዛው 1,500 ብር ብቻ። እንግዲህ ርካሹ የቱ ነው? «የልጅ እግር ያድጋል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ሰፋ ያለ የሚገዛው፤ ደኅና ጫማ ደግሞ ለታናሽም ይተርፋል። አፉን የከፈተ ጫማ ግን ለማንም አይተርፍም።

ይሁን እንጂ በሁሉም ዕቃ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጡ ማለቴ አይደለም። ጨምረን ልንገዛቸው የሚገቡ ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ እሳት የሚያስነሡ፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚበሉና ወደ አፋችን የሚገቡ።

አንደኛ፣ እሳት የሚያስነሡ ዕቃዎች። በዚህ ላይ ነው አጥብቄ መናገር የምፈልገው። ሰፈራችንን የምታውቁት ነው፤ ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ከአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ቤት የሚጠቀምበት ግቢ አለ። የመንገዳችንም ስፋት የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ የሚያስገባ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ርካሽ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲገዛ «በገዛ ገንዘቤ ምን አገባችሁ» ሊል አይችልም። ገመዱ የሱ ነው፤ እሳቱ ግን የሁላችን ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድን እንመልከት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይመጣል። ቴሌቪዥን ግን 100 ዋት ቢወስድ ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ምጣድ መሰካት ማለት፣ የአንድ ሰው ሸክም በተለካበት ጀርባ ላይ ሠላሳ ሰው መጫን ነው። ገመዱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ሽቦና ሽቦ ይገናኛል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንጀራ ጋጋሪዋ ጀርባዋን ስታዞር ነው።

የሙያው ሰዎች እንደሚሉት፣ ለመብራት 1.5 ካሬ፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ፣ ለምጣድ ደግሞ ለብቻው የተዘረጋ 4 ካሬ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። የራሱም ብሬከር ሊኖረው ይገባል። በገበያ ላይ ግን ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ሲያዩት ያው ነው። በቢላ ጫፉን ፋቅ ፋቅ ብታደርጉት ግን ነጩ ይወጣል፤ በእጅ ሲመዝኑትም ይቀላል። እንዲህ ያለው ሽቦ በውፍረት እኩል ቢሆንም የመዳቡን ያህል አይሸከምም፤ ቶሎ ይግላል። ላስቲኩ ላይ የአምራቹ ስምና የካሬው መጠን ያልታተመበትን ገመድ አትግዙ። ቤታችሁ ያለ ሶኬት ቢግል፣ ቢጠቁር ወይም የላስቲክ ሽታ ቢያመጣ እንዲሁ መተው አያሻም፤ የዛሬ ሽታ የነገ እሳት ነው።

የጋዝ ምድጃ ያላችሁም እንዲሁ። ሲሊንደሩና ምድጃው ደኅና ሆነው ቱቦው ርካሽ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለጋዝ ያልተሠራ የውኃ ቱቦ የሚገጥም ሰው አለ፤ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም። ቱቦው ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ቶሎ መለወጥ ነው። መፍሰስ አለመፍሰሱን ለማየት መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ይበቃል፤ አረፋው ከተነፋ ይፈሳል ማለት ነው። በክብሪት እሞክራለሁ የሚል ካለ ግን እባካችሁ ጎረቤቶቹ ያዙት!

ሁለተኛ፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚበሉ ዕቃዎች። እነዚህ ሲገዙ ርካሽ ናቸው፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን አፋቸውን ከፍተው ይበላሉ። የድሮው ባለ ክር አምፖል 60 ዋት ይፈጃል። በብርሃን ከሱ ጋር የሚተካከል ኤል ኢ ዲ አምፖል 9 ዋት ያህል ነው። ልዩነቱ 51 ዋት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ፣ በወር ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህ የአንድ አምፖል ብቻ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ስለ ሆነ፣ ብዙ የፈጀ ሰው በኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይጨምራል። በአንድ ቆጣሪ ለሚጠቀሙ ግቢዎች ይህ የጠብ ምንጭ ነው፤ የአንዱ አምፖል የሌላውን ሂሳብ ያንራልና። ኤል ኢ ዲ ነው ተብሎ በወሩ የሚሞት ደግሞ አለ። ስለዚህ ሱቁ ዋስትና የሚሰጥበትን፣ ደረሰኝ የሚቆረጥበትን መርጦ መግዛት ነው።

የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራው ምድጃ ሙቀቱን በጎኑ ይበትነዋል። ውስጡ የሸክላ ልባስ ያለው፣ ላቀች የሚባለው ምድጃ ግን ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል። በአራት ማዳበሪያ ከሰል ፋንታ ሦስት እንደ መግዛት ነው። የዛሬን የከሰል ዋጋ ለምታውቁ እናቶች ስሌቱን ለእናንተው ትቻለሁ። በእንጨት ለሚጋግሩም ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻው ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱም ዓይን አያጠፋም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የትኛውም የከሰል ምድጃ ቢሆን፣ በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ ከነደደ ይገድላል። ጥሩ ምድጃ ገዛሁ ብሎ በር መዝጋት የለም።

ሦስተኛ፣ ወደ አፋችን የሚገቡ ነገሮች። ከሁሉ ትንሹን፣ ጨውን ላንሣ። በጀንዲ ተዘርግቶ ፀሐይና አቧራ እየጠጣ የሚሰፈረው ጨው በጥቂት ብር ይረክሳል። ነገር ግን አዮዲን ያለው ጨው የሚያስፈልገን ለጣዕም አይደለም። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል፤ በነፍሰ ጡር እናት ላይ ሲሆን ደግሞ የሚወለደውን ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ለዚህ ነው መንግሥት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ያስገደደው። አዮዲን ደግሞ በፀሐይና በእርጥበት ይጠፋል። ስለዚህ የታሸገውን መግዛት፣ ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው መጨመር ነው። በወር ከአንድ ሻይ ዋጋ ብዙ ለማይበልጥ ልዩነት የልጅን አእምሮ መቆጠብ ምን ይባላል?

በርበሬም አለ። የተፈጨ በርበሬ ከየትም ሲገዛ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያያል? ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አድርቆ ማስፈጨት ድካም ነው፤ ግን የሚበሉትን ማወቅ ነው። ዛላውንም ስንመርጥ ርካሽ ነው ብለን የሻገተውንና የጠቆረውን አናንሣ። ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ ብንቆላውም ብናፈላውም አይጠፋም፤ ጉበትን የሚጎዳ ነው።

የውኃ ጀሪካንም ትልቅ ነገር ነው። ኬሚካል፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን «አጥቤዋለሁ» ብለው የሚሸጡ አሉ። ፕላስቲክ የጠጣውን አይለቅም፤ ቀስ እያለ ለውኃው ይመልሰዋል። በብረት ድስትም በኩል፣ ከየቦታው ከተለቃቀመ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት እርሳስ የሚባለውን ጎጂ ብረት ወጥ ውስጥ ሊለቅ ይችላል፤ ኮምጣጣ ነገር ሲበስልበት ደግሞ ይብሳል። የዕድራችን ድስት የመላው ሰፈር ሰው የሚበላበት ስለ ሆነ ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው እንመልከት። ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ሥዕል ስላለ ጽሑፍ አይጨምርም፤ ሉኩን መቁጠርና ወረቀቱ ቀለም እንደማያሳልፍ ማየት ይበቃል። ለራስ ምታት የሚወሰድ ፓራሲታሞልም፣ ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት እስከ ተገዛ ድረስ፣ ርካሹም ውዱም መድኃኒቱ ያው ነው። ክብሪት፣ ስኳር፣ የልብስ መስቀያ፣ እነዚህ ላይ ስም ፍለጋ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው። የታወቀ ስም የተለጠፈበት የሐሰት ዕቃም ብዙ ነው። ስለዚህ የሚከፈለው ለስም አይደለም፤ ለስፌቱ፣ ለውፍረቱ፣ ለሽቦውና ለልባሱ ነው። ዕቃውን አገላብጡት፣ ተጫኑት፣ ጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ተቻኩሎ የተገዛም እንዲሁ ነው።

ደረሰኝም እንጠይቅ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ የሌለው ግን በምን ያስረዳል? የሰፈራችን ባለ ሱቆችም አይቀየሙኝ። ብዙዎቹ ታማኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ርካሹን የሚያመጡት እኛ ርካሹን ስለምንጠይቃቸው ነው። ደኅና ዕቃ ብንጠይቅ ደኅና ያመጣሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። አንዲት እናት እንዲህ ልትለኝ ትችላለች፦ «ጋሼ ጸሐፊ፣ ነገሩስ ገብቶኛል። ግን እጄ ላይ ያለው 300 ብር ነው። የ1,500 ብሩን ከየት ላምጣ?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በምክር ብቻ አይመለስም። ለድኻ «ጥራት ያለው ግዛ» ብሎ መሄድ፣ ለተራበ «ብላ» ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

መልሱ ግን እጃችን ላይ ያለ ይመስለኛል። ለመሆኑ ከመካከላችን የራሱን ድንኳን የገዛ ማን ነው? ማንም የለም። ሆኖም ኀዘን ሲመጣ ጠንካራ ሸራ ድንኳን አለን። ለምን? ብቻችንን የማንችለውን ተባብረን ስለ ገዛን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ለለቅሶ ያወቅንበትን ለኑሮ ማን ከለከለን?

ለምሳሌ አሥር ቤቶች የዕቃ ዕቁብ ቢገቡና በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ቤት 2,000 ብር ይደርሰዋል። በአሥር ሳምንት ውስጥ አሥሩም ቤት የምጣድ መስመሩን ወይም ምድጃውን ይለውጣል። የመጀመሪያው ዕጣ በተስማሙበት መሠረት ሽቦው ለባሰበት ቤት ይሰጥ፤ ምክንያቱም ያ ቤት ከነደደ የሁላችንም ዕጣ ነው የሚነደው። ሽቦ ደግሞ በመቶ ሜትር ጥቅልል ይሸጣል። አንድ ሰው አሥር ሜትር ከሚገዛ፣ አሥር ሰው አንድ ጥቅልል ከመርካቶ ቢያመጣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ መርምሮ የሚገዛ የሙያ ሰው ይዞ ለመሄድም ይመቻል።

እንግዲህ ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

1ኛ/ የዕድሩ ዕቃ ሲገዛ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን መመዘኛ አይሁን። ኮሚቴው የሦስት ሱቅ ናሙና ያምጣ። ገመዱን ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ሰው፣ ድስቱን ደግሞ በድግስና በለቅሶ የሚያበስሉ እናቶች ይዩት። ዋጋውም ያገለግላል በተባለው ዓመት ተካፍሎ ለአባላት ይነገር።

2ኛ/ ፈቃደኛ የሆኑ ቤቶች በአሥር በአሥር ሆነው የዕቃ ዕቁብ ይጀምሩ። መዝገቡን ያለ ክፍያ እኔ እይዛለሁ። ከምጣድ መስመር ይጀመር የሚል ነው አሳቤ።

3ኛ/ በዚህ ሰሌዳ ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ የሱቅ ስም ሳይጠራ፣ የትኛው ዓይነት ዕቃ ስንት ጊዜ እንዳገለገለና የትኛው ቶሎ እንደ ተበላሸ ነዋሪው ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ለልጁ ይንገርና ያጻፍ። የአንዱ ኪሳራ ለሌላው ትምህርት ይሁነው።

በሐሳቤ የማይስማማ ነዋሪ ካለ እቀበለዋለሁ፤ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ወይም በስብሰባው ቀን ይናገር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬትና ገመድ፣ ማብሪያውን አጥፍታችሁ፣ በዓይናችሁ እዩት። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ካለ ዕቁቡንም ስብሰባውንም ሳትጠብቁ አቁሙት፤ እስኪሠራ ድረስ ከጎረቤት ምጣድ ጋግሩ። እምቢ የሚል ጎረቤት በሰፈራችን አለ ብዬ አላምንም።



የዕድሩ ጸሐፊ